ፕሮፎርማ ሚክሰር ሲገዛ

«ለቤቱ ነዋሪዎች በሙሉ! ቤታችን አንድ የኤሌክትሪክ ሲሚንቶ ማደባለቂያ ማሽን በግልጽ ጨረታ ለመግዛት የወሰነ ስለሆነ፣ አስተያየት ያላችሁ ነዋሪዎች እስከ ማክሰኞ የሥራ ሰዓት መዝጊያ ድረስ በጽሑፍ እንድታቀርቡ እናሳስባለን። ዘግይቶ የሚቀርብ አስተያየት ተቀባይነት የለውም። ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው።»

ይህ ማስታወቂያ ሰኞ ጠዋት በማቀዝቀዣው በር ላይ በሎሚ ቅርጽ በተሠራ ማግኔት ተለጥፎ ተገኘ። የቤቱ ነዋሪዎች በሙሉ ሁለት ናቸው። አንደኛው ማስታወቂያውን የጻፈው ሰውዬ ነው። ሁለተኛዋ ሚስቱ ናት። እሷ እንቁላል ልታወጣ ማቀዝቀዣውን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች፣ አነበበች፣ እንደገና ከፈተች፣ እንቁላሏን ይዛ ወደ ምድጃው ዞረች።

«አስተያየት አለኝ» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው።

«በጽሑፍ።»

«እጄ እንቁላል ይዟል።»

«እስከ ነገ ማታ ጊዜ አለሽ።»

በመሥሪያ ቤትም፣ በሰፈርም፣ በዘመድ መካከልም ሰውዬው የሚጠራው ፕሮፎርማ እየተባለ ነው። እናቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነበር፤ ያንን የሚያስታውሰው ግን ባንኩ ብቻ ነው። እስካለፈው ክረምት ድረስ፣ ማለትም ጡረታ እስኪወጣ፣ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የግዥ ክፍል ኃላፊ ነበር። ከሦስት ሻጮች የተሰበሰበ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ያ ፕሮፎርማ የሚባለው ወረቀት፣ ጠረጴዛው ላይ ካልተደረደረለት የስቴፕለር ሽቦ እንኳ አይገዛም። ሚስቱንም ያገባት በሦስት ፕሮፎርማ ነው ብለው የሚያሙት ነበሩ። እሷ ይህን ስትሰማ አትቆጣም። «ሌሎቹ ሁለቱ ቴክኒክ ላይ ወደቁ» ብላ ታልፈዋለች።

ፕሮፎርማ በሥራ ዘመኑ ጉቦ አልበላም፤ ይህን ግን እንደ ጀብዱ አይቆጥረውም። የሚኮራበት ሌላ ነው። ለአንድ ነጋዴ ተለክቶ የተሰፋ ዝርዝር መግለጫ በፍጹም አያመልጠውም። አንዱ የሥራ ክፍል «ወንበሩ ክንዱ የተጠማዘዘ፣ እግሩ አምስት፣ ቀለሙ የደረቀ ቅጠል የሚመስል» ብሎ ጽፎ ሲያመጣለት፣ ወረቀቱን ወደ አፍንጫው ያስጠጋና «ይሄ ወረቀት የሰው ጠረን አለው» ይላል። ሲመረመር ያን ዓይነት ወንበር ያለው ነጋዴ በከተማው አንድ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ እሱም የአንዱ አለቃ የሚስት አጎት ነው። ሰዎች አፍንጫውን ይፈሩት ነበር። ጡረታ ሲወጣ የሥራ ባልደረቦቹ ሽቶ ሸለሙት፤ ቀልዱ የገባው ቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

እንግዲህ ሚክሰሩ ለምን አስፈለገ? ሚስቱ ጸጉር ሠሪ ናት። ዋናው መንገድ ላይ በኪራይ ስትሠራበት የኖረችውን ሱቅ ባለቤቱ ለልጁ ስለፈለገው፣ በወሩ መጨረሻ ቁልፍ ማስረከብ አለባት። ወዴት ትሂድ? ግቢያቸው ውስጥ በጓሮ በኩል አንድ ሰፊ ክፍል አለ፤ መስኮቱ ትልቅ፣ ጣሪያው ደህና፣ ወለሉ ግን አፈር። ወለሉ ኮንክሪት ከተሞላ፣ ከደረቀና ውሃ ከተሳበለት፣ ሁለት መታጠቢያና ሦስት ወንበር ችሎ ደንበኛ ይቀበላል። ለመድረቂያውና ለቧንቧው ጊዜ ለመተው ደግሞ ሙሌቱ ከቅዳሜ ማለፍ የለበትም። ካለፈ ሱቅ አልባ ሆና መክረሟ ነው።

«እኔ ቦታ ብቀይር ሴቶቹ ይከተሉኛል» ትል ነበር። «ሥራ ካቆምኩ ግን አለቀልኝ። ያቺ ከማዶ ያለችው ጸጉር ሠሪ አምፖል የደረደረችባቸውን መስታወቶች ሰቅላ እየጠበቀችኝ ነው። አንድ ጊዜ እዚያ ከተቀመጡ በኋላ እኔን መንገድ ላይ ሲያዩኝ ሻርፕ ነው የሚከናነቡት።»

የተቀጠረው ግንበኛ ደግሞ ገና ክፍሉን ሲያይ አቋሙን አስታውቋል። «ማስተካከል ሥራዬ ነው፤ በውሃ ልክ እንደ መስታወት አደርግላችኋለሁ። በአካፋ ማደባለቅ ግን ወገቤ ትቷል። ማሽን አምጡ።»

ማሽን ያለው ሰው በቤተሰቡ ውስጥ ነበር፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ተቋራጭ ነው። ሁለት ፎቅ አጠገብ ለአጠገብ እየሠራ፣ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን የሚጀምር፣ ሳቁ ከመኪናው ጥሩምባ የሚጮህ ሰው። በናፍጣ የሚሠራ ትልቅ ሚክሰር አለው። ሠራተኞቹም አሉት። ወሬውን እንደሰማ ደወለ።

«እታለም፣ በነፃ! ማሽኑም ሰዎቹም በነፃ! አንድ ነገር ብቻ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ያለችው ብረቴ ለጊዜው በአንድ በኩል ትቀመጥልኝ።»

«ብረቴ» የሚላት የፎቅ ሥራ መወጣጫ ቧንቧ ናት፤ ክምሯ ከወለል እስከ መስኮቱ ይደርሳል። ወደ ክፍሉ የገባችውም «ለጊዜው» ተብላ ነው። ያኔ ፕሮፎርማ ጸጉር ነበረው።

ሚስቱ ስልኩን ዘግታ፣ «ብረቱ ካለ መታጠቢያ አይገባም» አለች። «አንድ ወንበር አስቀምጬ፣ ደንበኞቼን የፎቅ ብረት እያስደገፍኩ ልሠራ ነው? እኔ የእሱን ነፃ አልፈልግም። ትንሽ ማሽን እንግዛና በራሳችን እንጨርሰው። ለነገሩ የበሩ ደረጃ ተሰንጥቋል፣ የውሃ ታንከሩ ማስቀመጫ ያስፈልገዋል። ለቤት ሥራ የሚሆን ርካሽ ነገር አይጠፋም።»

ፕሮፎርማ ተስማማ። እንዲያውም ደስ አለው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የገዛው ትልቁ ዕቃ የመጥረጊያ እጀታ ነበር።

ማክሰኞ ማታ የጨረታ ኮሚቴው በምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጠ። ሰብሳቢ፣ ፕሮፎርማ። አባልና ጸሐፊ፣ ሚስቱ። የቴክኒክ አባል፣ ተቋራጩ።

«አንተ ሰውዬ» አለችው ሚስቱ፣ ወንድሟ ደጅ መኪናውን እስኪያቆም ድረስ፤ «ክፍሉን የሚፈልገውን ሰው ነው ሚክሰር ምረጥልን የምትለው?»

«የቴክኒክ ባለሙያ የሌለበት ኮሚቴ፣ ኮሚቴ አይባልም። ወንድምሽ ባለሙያ ነው።»

«ባለሙያነቱን መች ካድኩ።»

ተቋራጩ ገብቶ፣ እህቱን ስሞ፣ ብስኩቱን ወደ ራሱ ሳበና በትሕትና ተቀመጠ። መግለጫው መጻፍ ጀመረ። ሞተሩ በቤት ሶኬት የሚሠራ። ጎማ ያለው። የሚደባልቀው በርሜል ከእጅ ጋሪ ከፍ ብሎ የሚቆም። ተቋራጩ ለሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ፕሮፎርማ «የቀረ አለ?» ሲል ብስኩቱን ዋጥ አድርጎ ጣቱን አነሳ።

«ጋሼ፣ ካልከበድኩዎት አንዲት ነገር። በአንድ ዙር አንድ ሙሉ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ከነአሸዋውና ከነጠጠሩ፣ የሚቀበል ይሁን። ከረጢት ከፍቶ ግማሹን ማስቀመጥ መጠኑን ያዛባል። ለጥራት ነው እንጂ ለእኔ ምኔም አይደለች።»

«ጥራት» የሚለው ቃል ፕሮፎርማን እንደ ቅቤ ያቀልጠዋል። ጻፈው፤ ፈረመ። ሚስቱም በረጅሙ ተንፍሳ ፈረመች። ተቋራጩ ከፈረመ በኋላ የመጨረሻውን ብስኩት ለእህቱ አቀረበላት።

በማግስቱ ፕሮፎርማ ክላሰሩን በብብቱ ይዞ ወጣ። ከነክራቫቱ። በጨረታ ሕግ ክራቫት ግዴታ አይደለም፤ እሱ ግን አንገቱ ባዶ ከሆነ ዋጋ መጠየቅ አይችልም።

መጀመሪያ የሄደው ወለሉ ከሚያንጸባርቀው ትልቅ የማሳያ አዳራሽ ነው። ሽቶ የተቀባ ወጣት ሻጭ አንድ ቀይ ሚክሰር ዙሪያውን እንደ ሙሽራ ያስጎበኘው ጀመር።

«ጌታዬ፣ ይህቺ የመጨረሻዋ ሞዴል ናት። በርሜሏ ሰፊ፣ የሁለት ዓመት ዋስትና፣ በዚያ ላይ ከስልክዎ ጋር ትገናኛለች።»

«ለምን?»

«እየዞረች መሆኗን ስልክዎ ላይ ያያሉ።»

«አጠገቧ ቆሜ አላያትም?»

ለሻጩ ይህ ጥያቄ በሥልጠናው ላይ አልነበረም። ፈገግ አለና የታሸገ ፖስታ ሊልክለት ቃል ገባ። ፕሮፎርማ ይሁን አለ፤ በልቡም ማሽኗ መጥፎ አይደለችም ሲል መሰከረ። ከበድ ትላለች እንጂ ጠንካራ ናት።

ሁለተኛው ብየዳ ቤት ነበር። በያጁ የነዳጅ በርሜል ቆርጦ፣ የአሮጌ ልብስ ማጠቢያ ሞተር ገጥሞ፣ የራሱን ሚክሰር ሠርቷል። «ዋጋዬ ከሁሉም ይረክሳል» አለና ማብሪያውን ጫነ። ማሽኑ አጓርቶ ዞረ፤ ዞሮም በራሱ ጊዜ ወደ በሩ መሄድ ጀመረ።

«ይሄዳል!» አለ ፕሮፎርማ ወደ ኋላ እየሸሸ።

«አዎ፣ ለዚህ ነው ጎማ ያልገጠምኩለት።»

ሦስተኛው ሱቅ በግንባታ ዕቃ መንደር ጥግ ላይ፣ ከሚስቱ ሱቅ ብዙም የማይርቅ ነበር፤ ስለዚህ እሷም ለምሳ እንደዘጋች ከነሽርጧ መጣች። ባለሱቋ ምስማር በኪሎ እየመዘነች ነበር። በሩ ላይ አንዲት ትንሽ ቢጫ ሚክሰር ቆማለች፤ በርሜሏ ውስጥ መጥረጊያዎች እንደ አበባ ተተክለውባታል።

«አባቴ፣ ሊገዙ ነው ወይስ ሊፈትኑኝ?» አለች ባለሱቋ ክላሰሩን አይታ።

«እንደ ውጤትሽ።»

ሳቀች። ምስማሩን ትታ መጣች። «እንግዲህ እውነቱን ልንገርዎት። በርሜሏ ላይ የተጻፈውን ሊትር አይመኑት፤ ያ እስከ አፏ ሲሞላ ነው። እስከ አፏ ከሞሏት ትተፋዋለች። በአንድ ዙር ሩብ ከረጢት ሲሚንቶ ከነአሸዋ ጠጠሩ፣ በቃ። ዙሪያዋን ያለው ጥርስ የብረት ነው፤ ሌላ ቦታ ፕላስቲክ ካሳዩዎት ይሽሹ። የሞተሯ ቀበቶ፣ ቺንጋዋ፣ ቢበጠስ የትም አለ። ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ላይ እንዳይሰኳት፣ ሞተሯን ያቃጥሉታል። ፎቅ ልሠራ ነው ካሉ ሌላ ቦታ ይሂዱ፤ ለደረጃ፣ ለወለል፣ ለአጥር ከሆነ ግን ይቺ አታሳፍርዎትም።»

ፕሮፎርማ ይጽፋል። «ሩብ ከረጢት» ብሎ ሲጽፍ እጁ ከብዶታል፤ መግለጫው ሙሉ ነው የሚለው።

በዚህ መሃል ሚስቱ ከማሽኗ ጎን ያለውን እንደ መኪና መሪ ያለ ክብ ብረት ያዘች። በቀኝ እጇ ነው የያዘችው። ፕሮፎርማ መጻፉን አቆመ።

የዚያን ቀኝ ትከሻ ጉዳይ በቤታቸው ማንም አንስቶት አያውቅም። ማድረቂያ ከፍ አድርጋ ስትይዝ ዕድሜዋ ስላለፈ ትከሻዋ አልቋል። የሻይ ማንቆርቆሪያ በግራ ነው የምታነሳው። የሰው ጸጉር በቀኝ ትሠራለች፤ የራሷን ግን ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ በግራ ነው የምታበጥረው። እሱ አልጋው ላይ ሆኖ ያያታል። እሷ የተኛ ይመስላታል።

መሪውን ገፋ አደረገችው። በርሜሏ ያለ አንዳች ትግል አጎነበሰች፤ መጥረጊያዎቹ ወደ መሬት ተንሸራተቱ። ሚስቱ መልሳ አቀናቻት። አሁንም አጎነበሰች፣ አሁንም ቀና። ፊቷ ላይ ያቺ ሕመሟን የምትደብቅባት ሽብሽብ አልታየችም።

«ውይ፣ ጭንቅላት ማጠብ ነው እኮ!» አለች እየሳቀች። «ወይዘሮ፣ ወደ ኋላ ጋደም ይበሉ።»

«መጥረጊያዬን ታነሽልኛለሽ» አለቻት ባለሱቋ።

ሐሙስ አመሻሹ ላይ ፖስታዎቹ ተከፈቱ። የአዳራሹ ወፍራምና አንጸባራቂ ነበር፤ ከውስጡ የሻጩ ፎቶግራፍ ያለበት ካርድም ወጣ። የበያጁ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ በማሽን ቅባት ታሽጓል። የባለሱቋ ፖስታ ውስጥ አንዲት መስመር ብቻ ነበረች፦ «ዋጋው በሩ ላይ ተለጥፏል፤ አንብበውታል።»

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «ወደ ቴክኒክ ግምገማ እንገባለን። አስገዳጅ መስፈርት፦ በአንድ ዙር አንድ ሙሉ ከረጢት።»

ቀዩዋ ወደቀች። የበያጁም ወደቀች። ቢጫዋ ከሁሉም ቀድማ ወደቀች። ተቋራጩ ለእያንዳንዷ ውድቀት ምላሱን በሐዘን ጠጭ እያደረገ ነበር።

«ምን ይደረጋል» አለ በመጨረሻ፣ እንደ ለቀስተኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ደንብ ደንብ ነው። ጨረታው ከሸፈ። አዲስ ይውጣ ቢባል ደግሞ ስንት ቀን ይወስዳል መሰለዎት፣ ጋሼ? ኧረ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት! የእኔ የናፍጣዋ ግን እንኳን አንድ ሁለት ከረጢት ትውጣለች። ቅዳሜ ጠዋት ልላካት?»

ሚስቱ እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወንድሟን አላየችም። ባሏን ነው ያየችው።

«ልላካት ወይ ይላል። መልስለታ» አለች። «እኔ እንደሆነ ነገ ደንበኞቼን እሰናበታለሁ። አንድ ወንበር ይዤ ሁሉንም ኑ ልላቸው አልችልም።»

ፕሮፎርማ መግለጫውን አነሳ። ለምን እንዳነሳው አላወቀም፤ እጁ ራሱ ያውቃል። ወረቀቱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።

በከተማው ውስጥ ለቤት የሚሆን ኤሌክትሪክ ሚክሰር ሆኖ ሙሉ ከረጢት የሚውጥ የለም። ያንን የሚውጥ ማሽን ይህ ጠረጴዛ ዙሪያ ካለው ሰው ግቢ ውስጥ ነው የቆመው። ተለክቶ፣ ተሰፍቶ፣ ቁልፉ ተተክሎ የመጣ መስፈርት። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሌባ ሲይዝ የኖረ አፍንጫ፣ የራሱ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ብስኩት ሸቶት ቁጭ ብሏል። ከታች ደግሞ ፊርማው አለ፤ ያ ስንቱን ያስደነገጠ ጠማማ ፊርማ።

ቀና ሲል ተቋራጩ ፈገግ አለለት። ክፋት ያለው ፈገግታ አልነበረም። ሰው ጥሩ ጎል ሲያገባ የሚያሳየው ዓይነት ነው።

«ስብሰባው ተበትኗል» አለ ፕሮፎርማ።

«ቃለ ጉባኤ አንይዝም?»

«አንይዝም።»

«እንዴ! ጋሼ ደህና ነዎት?»

ዓርብ ጠዋት ሚስቱ ወደ ሱቋ ሄደች። ፕሮፎርማ ክላሰሩን ፍለጋ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ፤ ሰደደና መለሰው። ክራቫቱን አሰረ፤ ደጅ ወጥቶ ፈታውና ኪሱ ከተተው። በመንገዱ ላይ ነጥቡን በልቡ እንደገና ደመረ፤ ሙያ ነውና እግሩ ሲራመድ ጭንቅላቱ ይደምራል። ያ የተሰፋ መስፈርት ቢወጣ እንኳ ቀዩዋ አንደኛ ናት፤ በርሜሏም ዋስትናዋም ይበልጣል። ጎማ ባይኖራትም በዋጋ የበያጁ ትከተላለች። ቢጫዋ መጨረሻ ናት። ሁለቴ ደመረው፤ ያው መጨረሻ ናት። ኮሚቴ ቢቀመጥ፣ ኦዲተር ቢመጣ፣ ማንም ጤነኛ ሰው ቢጠየቅ፣ ቢጫዋን አይመርጥም።

ቢጫዋ ሱቅ በር ላይ ደርሶ ቆመ። መጥረጊያዎቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። መሪውን ያዘና ገፋው። እንደ ትናንት በስቲያው አጎነበሰች።

በደንቡ «ቀጥታ ግዥ» የሚባል ነገር አለ። ያለ ጨረታ፣ ያለ ፕሮፎርማ፣ ሄዶ መግዛት። ይፈቀዳል፤ ግን የገዛው ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ አስረድቶ መፈረም አለበት። ፕሮፎርማ በሥራ ዘመኑ የቀጥታ ግዥ ማመልከቻ ሲቀርብለት «ምክንያቱ አያሳምንም» የሚል ማኅተም ሊያስቀርጽ ምንም አልቀረውም ነበር።

«አባቴ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ጎደለ?» አለች ባለሱቋ። «ፕሮፎርማ ልጻፍልዎት?»

«አትጻፊ። እወስዳታለሁ።»

«አሁን?»

«መጥረጊያሽን አውጪ።»

ይህን ሲል የራሱ ድምፅ አስደነገጠው፤ ግን ደስ የሚል ድንጋጤ ነበር፤ የተከለከለ ውሃ ውስጥ ልብሱን አውልቆ እንደገባ ሰው ዓይነት። ወፍራሙን ገመድ ጨምሮ ገዛ። መኪና ልጥራልዎት ስትለው እምቢ አለ። ጎማ አላት አይደል? መንገዱን ይዞ እንደ ሕፃን ጋሪ እየገፋት ሄደ። አንድ የሰፈሩ ባርኔጣ ሰፊ ከሱቁ ብቅ ብሎ «ስንት ወሯ ነው?» አለው። ፕሮፎርማ «ገና ዛሬ ነው የመጣችው» ብሎ አለፈ። አንዷ የሚስቱ ደንበኛ ደግሞ በመኪናዋ መስኮት አንገቷን አውጥታ «አባቷን ነው የምትመስለው!» ብላ ጮኸች።

ሚስቱ ከሰዓት በኋላ ቤት ስትደርስ ያየችውን ማመን አቃታት። ባሏ፣ ያ ሸሚዙ እንዳይጨማደድ ትንፋሹን የሚቆጥብ ሰው፣ በካናቴራ ሆኖ የመወጣጫ ቧንቧ ከጓሮው ክፍል እየጎተተ ከአጥሩ ውጭ ያስደግፋል። ቢጫዋ ሚክሰር በሩ ላይ ቆማለች።

«አንተ! ይቺ ወድቃ አልነበረም እንዴ?»

«ነበረች።»

«እና?»

«ያቺን ጫፍ ያዢልኝ። በግራሽ።»

በግራዋ ያዘችለት። ሲመሽ ክፍሉ ባዶ ሆነ። ፕሮፎርማ እጁን ታጥቦ ስልኩን አነሳ። «ወንድሜ፣ ብረትህ ደጅ ነው ያለው። ዝናብ ሳይመታው ብታነሳው ጥሩ ነው» አለና፣ ከወዲያ የመጣውን ጩኸት ሰምቶ ሳይጨርስ ዘጋ።

ቅዳሜ ጠዋት ግንበኛው ክሩን ወጥሮ፣ ውሃ ልኩን አስቀምጦ ጠበቀ። ፕሮፎርማ ማብሪያውን ሲጫን ቢጫዋ እንደ ጠገበች ድመት አንኮራፍታ ዞረች። መጀመሪያ ትንሽ ውሃና ጠጠር፣ ከዚያ ሲሚንቶ፣ ከዚያ አሸዋ፣ ከዚያ የቀረው ውሃ። በመጀመሪያው ዙር ሰብሳቢው ውሃ አብዝቶ ሾርባ አደረገው፤ ግንበኛው «ይሄ የሚጠጣ ነው» ብሎ መለሰበት። ሁለተኛው ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ ሥራው ዜማ ያዘ፤ እሱ በአካፋ ያጎርሳል፣ ሚስቱ መሪውን ይዛ ትቆማለች፣ የእጅ ጋሪው ሲመጣ አንድ ገፋ፣ ዝርግፍ፣ አንድ መለስ። ብዙ ዙር ነው። ትንሽ ትንሽ ነው። ግን ክፍሉ ከጥጉ ጀምሮ እያበራ ወደ በሩ መጣ። ሚስቱ በየዙሩ «ወይዘሮ፣ ጋደም» ትላለች፤ ለእያንዳንዷ ዙር የአንዲት ደንበኛዋን ቅጽል ሰጥታታለች። «ይቺ ወፍራም የሆነችው የጥርስ ሐኪሟ ናት። ይቺ ቀጠን ያለችው አስተማሪዋ ናት፤ ጸጉሯም ስስ ነው።»

እኩለ ቀን ሳይደርስ ተቋራጩ ብረቱን ሊጭን የጭነት መኪና አስከትሎ መጣ። ሊቆጣ እየተዘጋጀ እንደመጣ ከአረማመዱ ያስታውቃል። ጓሮ ደርሶ ከግማሽ በላይ ያለቀውን ወለል ሲያይ ግን ቁጣው አፉ ላይ ቀረ። ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ ወለሉን አነጣጠረ፤ ተቋራጭ ነውና ጥሩ ሥራ ሲያይ ዓይኑ አይዋሽም።

«አይ ጋሼ!» አለ ቀና ብሎ፣ ያንን የጥሩምባ ሳቁን ለቀቀው። «ቀደሙኝ! ተሸነፍኩ፣ ብረቴንም አነሳለሁ። እሺ። አንድ ነገር ግን አስረዱኝ። የትኛዋ ነበረች በነጥብ አንደኛ?»

«ቀዩዋ» አለ ፕሮፎርማ አሸዋ እየዛቀ።

«ሁለተኛስ?»

«የበያጁ።»

«ይቺስ?»

«መጨረሻ።»

«እና መጨረሻ የወጣችውን ነው የገዙት? እርስዎ? ጨረታ ሳይወጣ?»

«ቀጥታ ግዥ ነው።»

«ቀጥታ ግዥ ደግሞ ምክንያቱ ይጻፋል ሲሉን የኖሩት እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ምክንያቱን እንስማዋ!»

ግንበኛው ማለስለሻ እንጨቱን ይዞ ቆመ። ሚስቱም ቀኝ እጇ መሪው ላይ እንዳለ ወደ ባሏ ዞረች። «እውነትም» አለች፤ «እኔም ከትናንት ጀምሮ ልጠይቅህ ነው። ለምን ይቺን?»

ፕሮፎርማ አካፋውን በርሜሏ ውስጥ አራገፈ። ሌላ ዛቀ። እሱንም አራገፈ።

«አላብራራም።»

«እንዴ! ለምን?» አለ ተቋራጩ።

«እሱንም አላብራራም።»